ድረ ገጹን ስንት ሰው ጎበኘው? የጎብኚ ቆጣሪዎች አሠራርና የመለኪያ ስህተቶቻቸው

በጮቄ ተራራ ላይ የዝናብ መለኪያ ብንተክል መሣሪያው የሚነግረን በአፉ የገባውን ውኃ መጠን ብቻ ነው። ነፋሱ በበረታ ቁጥር ጠብታዎቹ በመለኪያው አፍ ላይ እየተንሳፈፉ ስለሚያልፉ፣ የሚመዘገበው ቁጥር በእርግጥ ከዘነበው ያንሳል። ይህን ጠባይ የሚያውቅ የሜትዎሮሎጂ ባለሙያ በመዝገብ ላይ የሰፈረውን ቁጥር ከመቀበሉ በፊት መሣሪያው የት እንደተተከለ፣ ነፋሱ ምን ያህል እንደነበረ፣ በአጠገቡ ዛፍ ወይም ግድግዳ መኖር አለመኖሩን ይጠይቃል።

በዚህ ጽሑፍ የምናነሣው መሣሪያ ከዝናብ መለኪያ እጅግ የራቀ ይመስላል፤ የሚያስነሣው ጥያቄ ግን ያው ነው። ዛሬ ዩኒቨርሲቲዎች፣ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች፣ ባንኮችና ጋዜጦች ድረ ገጽ አላቸው። የድረ ገጹ ባለቤት «ስንት ሰው ጎበኘን? ከየት መጡ? ምን አነበቡ?» ብሎ ሲጠይቅ መልሱን የሚያገኘው አብዛኛውን ጊዜ ታግ ከሚባሉ ትንንሽ የፕሮግራም ቁራጮች ነው። በዚህ መልስ ላይ ተመሥርቶም ውሳኔ ይሰጣል። «ይህን ገጽ የሚከፍት ስለሌለ ይቅር» ወይም «ከወረዳዎች የሚመጣ ጎብኚ ስለማይታይ አገልግሎቱን ለአዲስ አበባ ብቻ እናዘጋጀው» ሊባል ይችላል። እንግዲህ ቆጣሪው ያላየው ሰው ከአገልግሎቱም ሊቀር ነው ማለት ነው።

ጉዳዩን የፊዚክስ መምህራን ማንሣታችን እንግዳ የሚሆንበት አንባቢ ይኖር ይሆናል። ይሁንና ለዶክትሬት ትምህርት በውጭ አገር በቆየንባቸው ዓመታት አብዛኛው ጊዜያችን ያለፈው ቅንጣቶችን በመቁጠር፣ ከቆጠራውም ይበልጥ ቆጣሪው ስንቱን እንዳሳለፈ በማስላት ነበር። የድረ ገጽ ቆጣሪን ሪፖርት ስናነብ የሚታየን ያው የምናውቀው ችግር ነው።

ከሰርቨር መዝገብ እስከ ታግ

አንድን ድረ ገጽ ስንከፍት ስልካችን ወይም ኮምፒዩተራችን ገጹ ወዳለበት ሰርቨር ጥያቄ ይልካል። ሰርቨሩም ጥያቄው በደረሰበት ሰዓት፣ ከየትኛው የኢንተርኔት አድራሻ እንደመጣና የትኛውን ገጽ እንደሚፈልግ በመዝገቡ ላይ አንድ መስመር ይጽፋል። የመጀመሪያው የጎብኚ ቆጠራ እነዚህን መስመሮች ከመደመር የዘለለ አልነበረም። ችግሩ ሰርቨሩ ትዝታ የሌለው መሆኑ ነው፤ አንድ ሰው አምስት ገጽ ቢከፍት ለሰርቨሩ አምስት የማይተዋወቁ ጥያቄዎች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1994 በኔትስኬፕ ኩባንያ ይሠራ የነበረው ሉ ሞንቱሊ ለዚህ መላ አበጀ። ሰርቨሩ በጎብኚው ብራውዘር ውስጥ አንድ አጭር ምልክት እንዲያስቀምጥና ብራውዘሩ በተመለሰ ቁጥር ምልክቱን እንዲያሳይ አደረገ። ይህ ምልክት ኩኪ ይባላል። ካፖርት አስቀምጦ ቁጥር የተጻፈበት ካርድ እንደሚቀበል ሰው፣ ብራውዘሩ ካርዱን ይዞ ይዞራል።

እ.ኤ.አ. በ2005 ጉግል፣ ኧርቺን የተባለውን ኩባንያ ገዝቶ ጉግል አናሊቲክስ የሚባለውን ቆጣሪ በነጻ ማቅረብ ጀመረ። በዚህ ዓይነቱ ቆጣሪ ሥራው ከሰርቨሩ ወደ ጎብኚው ስልክ ይዛወራል። በገጹ ውስጥ የተቀመጠው ታግ ገጹ ሲከፈት በጎብኚው ብራውዘር ውስጥ ይሠራና ወደ ቆጣሪው ኩባንያ መልእክት ይልካል። በመልእክቱ ውስጥ የገጹ አድራሻና ርእስ፣ የብራውዘሩ ቋንቋ፣ የስክሪኑ ስፋት፣ እንዲሁም በኩኪው ላይ ያለው ቁጥር ይገኛሉ። ይህ ቁጥር በዘፈቀደ የወጣ ሲሆን፣ አብሮት ጎብኚው መጀመሪያ የመጣበት ጊዜ ይጻፋል፤ ካልተለወጠ በቀር እስከ 2 ዓመት እንዲቆይ የታሰበ ነው። በሪፖርቱ ላይ «ተጠቃሚ» ተብሎ የምናነበው እንግዲህ ይህ ቁጥር ነው። ሰው አይደለም።

ታጎች እየበዙ ሲሄዱ ሌላ ችግር መጣ። አንዱ ታግ ጎብኚ ይቆጥራል፣ ሁለተኛው የማስታወቂያን ውጤት ይከታተላል፣ ሦስተኛው ቪዲዮ እስከ የት እንደታየ ይመዘግባል። እያንዳንዱን በገጹ ጽሑፍ ውስጥ በእጅ ማስገባት፣ ሲያስፈልግም መለወጥና ማውጣት የፕሮግራም ባለሙያ ይጠይቃል። የጥያቄው ብዛት ባለሙያው ከሚችለው በላይ በሆነበት መሥሪያ ቤት አሮጌ ታጎች ተረስተው ለዓመታት ይቀመጣሉ። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2012 ጉግል ታግ ማኔጀር የተባለውን መሣሪያ ያወጣው ይህን ለማቃለል ነው።

አሠራሩን በቤት ውስጥ ካለ የኤሌክትሪክ ማከፋፈያ ሳጥን ጋር ልናመሳስለው እንችላለን። ሳጥኑ አንድ ጊዜ በግድግዳው ላይ ከተገጠመ በኋላ አዲስ መስመር ለማውጣት ግድግዳውን ማፍረስ አያስፈልግም። እንዲሁ ሁሉ በድረ ገጹ ውስጥ ኮንቴይነር የሚባል አንድ ቁራጭ ብቻ ይገባል፤ ከዚያ ወዲያ ታጎቹን ከውጭ፣ ከታግ ማስተዳደሪያው ገጽ ላይ ሆኖ መጨመርና መቀነስ ይቻላል። በሥራው ላይ ሦስት ቃላት ይደጋገማሉ። ታግ የሚፈጸመው ተግባር ነው፤ ቀስቃሽ ተግባሩ መቼ እንደሚፈጸም የሚወስን ሁኔታ ነው፤ ተለዋዋጭ ደግሞ ከተማሪ ቤት እንደምናውቀው ዋጋው እንደ ሁኔታው የሚለያይ መጠን ነው። «ጎብኚው ገጹን እስከ 75 በመቶ ወደ ታች ከወረደ» የሚለው ቀስቃሽ ነው። የወረደበት መጠን ተለዋዋጭ ነው። ይህንኑ ለቆጣሪው የሚያሳውቀው ታግ ነው።

የብሔራዊ ፈተና ውጤት የሚታይበትን ገጽ በምሳሌነት እንውሰድ። ተማሪው የመለያ ቁጥሩን ጽፎ «ፈልግ» የሚለውን ይጫናል፤ ውጤቱም በዚያው ገጽ ላይ ይወጣል እንበል። ገጹ እንደ አዲስ ስላልተከፈተ፣ የገጽ መከፈትን ብቻ የሚቆጥር ታግ ውጤቱን ያየውን ተማሪና «አልተገኘም» የተባለውን ተማሪ አይለያቸውም። ሁለቱ በአንድ ይደመራሉ። ይህን ለመለየት የገጹ አዘጋጅ ዳታ ሌየር ወደሚባለው መለዋወጫ ስፍራ «ውጤት ታየ» ወይም «ውጤት አልተገኘም» የሚል ምልክት እንዲጥል ያደርጋል፤ ቀስቃሹም ያን ምልክት እየጠበቀ ታጉን ያስነሣል። በአንድ ሰዓት ውስጥ «አልተገኘም» የሚለው ምልክት በድንገት ቢበዛ ስህተቱ ከተማሪዎቹ ሳይሆን ከመረጃ ቋቱ ሊሆን እንደሚችል ወዲያው ይታወቃል። ቆጣሪ ለተጠቃሚው የሚበጀው እንዲህ ባለ ቦታ ነው።

የተዘጋጀው ሥራ ከመታተሙ በፊት በቅድመ ዕይታ መሞከር አለበት፤ መሣሪያው የትኛው ታግ እንደተነሣና የትኛው እንዳልተነሣ አንድ በአንድ ያሳያል። የታተመው ሁሉ በእትም ቁጥር ስለሚቀመጥ ወደ ቀድሞው መመለስም ይቻላል። ጀማሪዎች ከሚወድቁባቸው ጉድጓዶች አንዱ ያንኑ ታግ በገጹ ውስጥ በእጅም በኮንቴይነሩም ማስገባት ነው። ያን ጊዜ እያንዳንዱ የገጽ መከፈት ሁለት ጊዜ ይቆጠርና የጎብኚው እንቅስቃሴ በአንድ ሌሊት እጥፍ የሆነ ይመስላል።

ቆጣሪው የሚደነዝዝበት ጊዜ

በቤተ ሙከራ ያለ የጋይገር ቆጣሪ አንድ የጨረር ቅንጣት በገባበት ቁጥር «ጣ» ይላል። ከእያንዳንዱ «ጣ» በኋላ ግን ቱቦው ለ100 ማይክሮ ሰከንድ ያህል ስለሚደነዝዝ በዚያች ቅጽበት የሚገባውን ሌላ ቅንጣት አያይም። ቆጣሪው በሰከንድ 2,000 ምት አሳየ እንበል። 2,000 በ0.0001 ሰከንድ ሲባዛ 0.2 ይሆናል፤ ስለዚህ መሣሪያው ከእያንዳንዱ ሰከንድ 20 በመቶውን ደንዝዞ አሳልፏል። እውነተኛው መጠን 2,000 ለ0.8 ተካፍሎ 2,500 ነው። ጨረሩ እጅግ ሲበረታ አንዳንድ ቆጣሪዎች ፈጽሞ ዝም ይላሉ፤ አደጋው ከሁሉ በሚከፋበት ቦታ ላይ መሣሪያው ደኅና ነው ይላል ማለት ነው።

አሁን የ12ኛ ክፍል ውጤት የሚለቀቅበትን ምሽት እናስብ። በ2015 ዓ.ም. ፈተናውን የወሰዱት ከ800 ሺህ በላይ ተማሪዎች ነበሩ። ውጤት በአጭር የጽሑፍ መልእክትና በቴሌግራም ጭምር የሚገኝ ቢሆንም፣ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ወደ አንድ ድረ ገጽ የሚጎርፈው ሰው ብዛት ለመገመት አያዳግትም። ሰርቨሩ በጥያቄ ሲጨናነቅ ገጹ አይከፈትም። ያልተከፈተ ገጽ ደግሞ ታግ አያስነሣም። በዚህ ምክንያት በድረ ገጹ ላይ የሚቆመው ሰልፍ ከሁሉ በረዘመበት ሰዓት ሪፖርቱ ጸጥታን ሊያሳይ ይችላል። ሁለቱ ክስተቶች በሒሳብ ቀመራቸው አንድ እንዳልሆኑ የፊዚክስ ተማሪዎች ልብ ይሏቸዋል፤ መሣሪያው በሥራ ብዛት የተነሣ መታወሩ ግን ያው ነው። ከመታወር የሚያድነው የሰርቨሩን የራሱን መዝገብ ጎን ለጎን መመልከት ነው፤ ያልተሳኩት ጥያቄዎች እዚያ ተጽፈው ይገኛሉ።

መስመሩ ከናካቴው ሲቋረጥ ሰርቨሩም የሚመዘግበው አይኖረውም። በ2009 ዓ.ም. በግንቦት መጨረሻ በብሔራዊ ፈተና ሰሞን በአገሪቱ ኢንተርኔት ተቋርጦ ነበር። በአማራ ክልል ደግሞ በ2015 ዓ.ም. ክረምት የተቋረጠው የሞባይል ኢንተርኔት በአንዳንድ ከተሞች የተመለሰው አንድ ዓመት ሊሞላ ሲቃረብ ነው። በእነዚያ ወራት በተሠራ ግራፍ ላይ የክልሉ መስመር ወደ ዜሮ ቢወርድ ዜሮው የሚናገረው ስለ መስመሩ ነው፤ ደብረ ማርቆስም ሆነ ሞጣ ያለ ተማሪ የማንበብ ፍላጎቱን እንዳጣ አድርጎ የሚተረጉመው ሰው ቢኖር የዝናብ መለኪያው በተሰበረበት ወር «ድርቅ ነበር» ብሎ እንደሚጽፍ ሰው ነው። በግራፉ ላይ ከዜሮ ይልቅ ባዶ ቦታ መተውና ምክንያቱን በማስታወሻ ማስፈር ይገባል።

አንድ ስልክ፣ ብዙ ሰው

ኩኪው የሚኖረው በስልክ ውስጥ ስለሆነ የሚቆጠረው ስልክ ነው። በአውሮፓ አንድ ሰው ስልክና ላፕቶፕ ስለሚይዝ ቆጣሪው ሰውን አብዝቶ ይቆጥራል እየተባለ ይጻፋል። በእኛ ዘንድ ስህተቱ ወደ ተቃራኒው ያዘነብላል። በአንድ ቀበሌ ጥሩ ስልክ ያለው ወንድም ወይም መምህር ለጎረቤት ልጆች ሁሉ ውጤት ያይላቸዋል፤ በትምህርት ቤት የኮምፒዩተር ክፍል በአንድ መቀመጫ ላይ በቀን ብዙ ተማሪ ይፈራረቃል። ለቆጣሪው እነዚህ ሁሉ አንድ «ተጠቃሚ» ናቸው። በአንጻሩ በድብቅ መስኮት የሚከፍት ሰው በመጣ ቁጥር አዲስ ሰው ይሆናል፤ በአፕል ስልኮች ላይ ያለው ሳፋሪም እ.ኤ.አ. ከ2019 ጀምሮ በስክሪፕት የተቀመጠን ኩኪ ከ7 ቀን በላይ አያቆይም።

የቦታው ነገር ከዚህ ይብሳል። ቆጣሪው ጎብኚው ያለበትን ከተማ የሚገምተው ከኢንተርኔት አድራሻው ተነሥቶ ነው። በሞባይል መስመር ብዙ ተጠቃሚዎች አንድን አድራሻ ሊጋሩ ይችላሉ፤ አድራሻውም አብዛኛውን ጊዜ የሚመዘገበው መስመሩ ወደ ዓለም አቀፉ ኔትወርክ በሚወጣበት ቦታ ስም ነው። በመሆኑም ቢቸና ወይም አማኑኤል ሆኖ የከፈተ ሰው በሪፖርቱ ላይ የአዲስ አበባ ነዋሪ ሆኖ ቢገኝ ሊደንቀን አይገባም። ዳታ ለመቆጠብ በኦፔራ ሚኒ የሚጠቀም ሰው ደግሞ ከፍተኛውን የቁጠባ ስልት ከመረጠ ገጹ የሚዘጋጀው በኩባንያው ሰርቨር ላይ ነው፤ ታጉ በሙሉ ላይሠራ ወይም ጎብኚው ከሌላ አገር እንደመጣ ሊመዘገብ ይችላል። በመግቢያችን ላይ «ከወረዳዎች የሚመጣ ጎብኚ አይታይም» ያልነው ውሳኔ የተመሠረተው እንዲህ ባለ መሬት ላይ ነው።

በሌላ በኩል ሰው ሳይሆኑ የሚቆጠሩ አሉ። ገጾችን እየዞሩ የሚያነቡ ቦት የሚባሉ ፕሮግራሞች በመቁጠሪያችን ላይ እንደ አካባቢ ጨረር ናቸው፤ ምንጩን ብናነሣውም «ጣ» ማለታቸው አይቀርም። ጉግል አናሊቲክስ የታወቁትን ቦቶች ራሱ ያስወግዳል፤ ያልታወቁት ግን ይቀራሉ።

እነዚህን በአንድ ስሌት እናያይዛቸው። ቁጥሮቹ ለመልመጃ ያህል የተመረጡ ናቸው። ቆጣሪው በአንድ ሳምንት 1,240 ተጠቃሚ አሳየ እንበል። ከእነዚህ 190ው ቦቶች እንደሆኑ ከሰርቨሩ መዝገብ ተገመተ፤ 1,050 ቀረ። ገጹን ከከፈቱ ስልኮች ውስጥ ታጉ በትክክል የሠራው በ70 በመቶው ላይ ብቻ ቢሆን ትክክለኛው የስልኮች ብዛት 1,050 ለ0.7 ተካፍሎ 1,500 ይሆናል። በአንድ ስልክ በአማካይ 3 ተማሪዎች ካዩ ደግሞ የሰዎቹ ብዛት 4,500 ነው። ሪፖርቱ ላይ ካለው ቁጥር ከሦስት እጥፍ በላይ መሆኑ ነው።

ስህተቱስ ምን ያህል ነው? በቆጠራ ሥራ የዘፈቀደው ስህተት የብዛቱ ካሬ ሥር ያህል ነው። የ1,050 ካሬ ሥር ወደ 32 ይጠጋል፤ 3 በመቶ ብቻ። ይህን ብቻ ያየ ሰው ሥራው እጅግ ትክክል መስሎት ይረካል። ነገር ግን የታጉ ብቃት 0.7 መሆኑን በእርግጥ አናውቅም፤ ከ0.6 እስከ 0.8 ሊሆን ይችላል። በአንድ ስልክ የሚያዩትም ከ2 እስከ 4 ሊሆኑ ይችላሉ። ዝቅተኛውን ብንወስድ 2,625፣ ከፍተኛውን ብንወስድ 7,000 ሰው እናገኛለን። ይህ ሥርዓታዊ ስህተት ነው፤ ብዙ በመቁጠር አይቀንስም። ቆጠራውን ለአሥር ሳምንት ብንቀጥል የዘፈቀደው ስህተት ይጠብባል፣ ሥርዓታዊው ግን ካለበት ፈቅ አይልም። በብዙ ሪፖርቶች ላይ እስከ አንድ ቤት ድረስ ተጽፎ የምናየው ቁጥር፣ የቱንም ያህል ቢያምር፣ ስለዚህ ሁለተኛው ስህተት ምንም አይልም።

የዘፈቀደው ስህተት ችላ የሚባል ነው ማለታችን ግን አይደለም፤ በተለይ ቁጥሩ ትንሽ ሲሆን። አንድ ክፍል የገጹን ቀለም ለውጦ «ትናንት 96 የነበረው ዛሬ 110 ሆነ» ብሎ ቢደሰት ልዩነቱ 14 ነው። የዚህ ልዩነት ስህተት ደግሞ የ206 ካሬ ሥር፣ ማለትም 14 ገደማ ነው። ደስታው ቢዘገይ ይሻላል።

ቀኑ ራሱ የት እንደሚያልቅም መታወቅ አለበት። የሪፖርቱ ሰዓት በግሪንዊች ላይ ከተተወ የቆጣሪው ቀን የሚለወጠው በእኛ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ነው፤ ውጤት የተለቀቀበት አንዱ ሌሊት በሁለት ቀን ተከፍሎ ይታያል። የወር ሪፖርቱም በአውሮፓውያን ወር ስለሚዘጋ ጳጉሜን ከመስከረም ጋር ይቀላቀላሉ። የትምህርት ዘመን መክፈቻን የሚያጠና ሰው መነሻና መድረሻ ቀኖቹን ራሱ ቢመርጥ ነው የሚበጀው።

ካሊብሬሽን

ማንኛውም መለኪያ ከሌላ፣ ከእርሱ ጋር ካልተያያዘ መለኪያ ጋር መመሳከር አለበት። በውጤት ገጽ ረገድ ይህ ሁለተኛ መለኪያ በእጅ ያለ ነው። ሰርቨሩ ስንት የተለያዩ የመለያ ቁጥሮች እንደተጠየቁ ያውቃል። ይህን ብዛት ታጉ ከቆጠራቸው ስልኮች ጋር ብናካፍለው ለአንድ ስልክ የሚደርሰውን ተማሪ እንገምታለን፤ የማንም ስም ወይም ቁጥር ከመሥሪያ ቤቱ መውጣት አያስፈልገውም። እርግጥ አጎት ከአዲስ አበባ፣ እኅት ከባሕር ዳር ያንኑ የአንድ ልጅ ቁጥር ሊጠይቁ ይችላሉ። ስለዚህ የሚገኘው ብዛት የታዩትን ውጤቶች እንጂ ያዩትን ሰዎች አይገልጽም፤ አገልግሎቱ ለስንት ተማሪ እንደደረሰ ለማወቅ ግን የሚፈለገው ይኸው ነው። ቦታውንም ከኢንተርኔት አድራሻ ከመገመት ይልቅ፣ ተማሪው የተመዘገበበት ትምህርት ቤት ያለበትን ወረዳ በሰርቨሩ ላይ እየደመሩ ማወቅ ይቻላል። ያን ጊዜ እነማይና ማቻከል በአዲስ አበባ ስም መጠራታቸው ይቀራል።

የዚህ ዓይነት ገጽ ከሌለን ደግሞ የሚቀረው ወርዶ መጠየቅ ነው። አንድ ትምህርት ቤት ሄዶ ለመቶ ተማሪዎች «ገጹን ያየኸው በማን ስልክ ነው? አብረውህ ስንት ሆናችሁ አያችሁ?» ብሎ መመዝገብ፣ ወራት ከሚፈጅ የግራፍ ትንተና የበለጠ ያስተምራል ብለን እናምናለን።

የመለኪያው ክብደትና የተለካው ሰው

መለኪያ ሲገባ የሚለካው ነገር እንዳይለወጥ መጠንቀቅ የሙከራ ሥራ ሕግ ነው፤ በትንሽ ብርጭቆ ውኃ ውስጥ ትልቅ ቴርሞሜትር ብንነክር ውኃውን እናቀዘቅዘዋለን። ታግም ክብደት አለው። የግእዝ ፊደል በዩቲኤፍ-8 አጻጻፍ እያንዳንዱ 3 ባይት ይይዛል። 2,500 ቃላት ያሉት ጽሑፍ፣ አንዱ ቃል በአማካይ 5 ፊደል ቢኖረው፣ ክፍተቶቹ ተጨምረው ሳይጨመቅ 40 ኪሎባይት ያህል ነው። አንድ ኮንቴይነር ከነታጎቹ ደግሞ ከጥቂት አሥሮች ኪሎባይት ተነሥቶ ተጨምቆም ከ100 ሊያልፍ ይችላል። ስለዚህ ተማሪው በገዛው ዳታ የሚያወርደው መለኪያ ከሚያነበው ጽሑፍ ሊበልጥ ነው። ኔትወርኩ በደከመበት ቦታ ገጹ ሳይከፈት ተስፋ ቆርጦ ይዘጋል፤ ከዚያም ቆጣሪው «ከዚህ አካባቢ ጎብኚ የለም» ይላል። በዓመት አንድ ጊዜ ኮንቴይነሩን ከፍቶ ማንም የማያነባቸውን ሪፖርቶች የሚያበሉ ታጎች ማስወገድ ከዚህ ያድናል።

የተማሪው ምስጢርም መጠበቅ አለበት። አንዳንድ የውጤት ገጾች የመለያ ቁጥሩን በገጹ አድራሻ መጨረሻ ላይ ይጽፉታል። ታግ የሚልከው የመጀመሪያው ነገር የገጹ አድራሻ መሆኑን ከላይ አይተናል፤ እንግዲህ ማንም ሳያስበው የተማሪው ቁጥር ውጭ አገር ወዳለ ሰርቨር ይሄዳል ማለት ነው። የጉግል ደንብ ራሱ ሰውን ለይቶ የሚያሳውቅ መረጃ ወደ አናሊቲክስ እንዳይላክ ይከለክላል። አገራችንም በ2016 ዓ.ም. ስለ ግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ን አውጥታለች። መፍትሔው ለገጹ አዘጋጅ ቀላል ነው፦ ቁጥሩን በአድራሻው ላይ ከማሳየት ይልቅ በጥያቄው አካል ውስጥ መላክ። መረጃው ከግቢ እንዳይወጣ የሚፈልግ ተቋም፣ እ.ኤ.አ. በ2007 ፒዊክ በሚል ስም የተጀመረውንና በ2018 ማቶሞ የተባለውን ነጻ ሶፍትዌር በራሱ ሰርቨር ላይ መትከል ይችላል፤ ይህም የራሱ የታግ ማስተዳደሪያ አለው። በየትኛውም መሣሪያ ይሁን፣ ኮንቴይነሩን የማተም ሥልጣን ያለው ሰው በገጹ ላይ የፈለገውን ፕሮግራም ማስገባት ስለሚችል የይለፍ ቃሉ እንደ ሰርቨሩ ቁልፍ በጥንቃቄ ሊያዝ ይገባዋል።

በቡድን የሚሠራ ሙከራ

ሙከራው አንድ ተራ ድረ ገጽ፣ አንድ ኮንቴይነርና ሦስት ስልኮች ብቻ ይጠይቃል። በመጀመሪያው ስልክ ገጹን በተለመደው መንገድ፣ በሁለተኛው በእያንዳንዱ ጊዜ እየተዘጋ በሚከፈት ድብቅ መስኮት፣ በሦስተኛው በኦፔራ ሚኒ ከፍተኛ የቁጠባ ስልት፣ እያንዳንዳቸው አሥር አሥር ጊዜ ይክፈቱ። አንድ የቡድን አባል የእያንዳንዱን ሰዓት በወረቀት ላይ ይመዝግብ። ወረቀቱ 3 ሰዎችና 30 የገጽ መከፈቶች ይላል። ሪፖርቱ ከመጀመሪያው ስልክ 1 ተጠቃሚ፣ ከሁለተኛው 10 ተጠቃሚዎች ሊያሳይ ይገባል፤ የሦስተኛውን መገመት ያስቸግራል። የመጀመሪያው ስልክ አሥር መከፈቶች በመካከላቸው 30 ደቂቃ ያለ እንቅስቃሴ ካላለፈ እንደ አንድ ጉብኝት ብቻ ይቆጠራሉ። ቆጣሪው ያየውን ብዛት ወረቀቱ ላይ ለሰፈረው ማካፈል በዚያ ስልክና በዚያ ኔትወርክ የታጉን ብቃት ይሰጣል። ሙከራው አንድ ጊዜ በደብረ ማርቆስ ከተማ መካከል፣ ሌላ ጊዜ ከደጀን ወደ ዓባይ በረሃ በሚወርደው መንገድ ኔትወርክ እየደከመ በሚሄድበት ስፍራ ቢደገም፣ በላይኛው ስሌት በግምት 0.7 ያልነውን ቁጥር ቡድኑ ለሁለቱም ቦታዎች ለየብቻ ለክቶ መተካት ይችላል።